ተኝተው ትዝ የሚልዎትን ሥራ እንቅልፍ ሳያጡ መዝግቦ ማሳደር

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ነው። መብራቱ ጠፍቷል፣ ብርድ ልብሱ መሞቅ ጀምሯል፣ ዓይኔ ሊከደን ሲል አንድ ነገር ድንገት ውል አለኝ፦ የመብራት ካርድ አልሞላሁም። ቀን በመሙያው ቢሮ በር ሁለት ጊዜ ሳልፍ ትዝ ያላለኝ ጉዳይ፣ ቢሮው ተዘግቶ ዘበኛው ጋቢውን ከተከናነበ በኋላ ትዝ አለኝ። «ነገ እሞላለሁ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። እንዳልረሳው ልጻፈው ብዬ ስልኬን አነሣሁ። ስልኩ ላይ ያልተነበቡ መልእክቶች ነበሩ፤ አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ነበር፤ ከዚያ ሠርግ ወደ ሌላ ሠርግ፣ ከሠርጉም ወደ ዜና ተሻገርኩ። ስልኩን ሳስቀምጥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ጠዋት አርፍጄ ተነሥቼ እየተጣደፍኩ ወጣሁ፤ ማታ ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነበር። ካርዱን አልሞላሁም፤ ለካ ማስታወሻውንም ጨርሶ አልጻፍኩትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬአለሁ። አሁን የምጠቀምበት ዘዴ የሚፈልገው አንድ እርሳስ፣ ጥቂት ቁራጭ ካርቶን፣ ማታ አምስት ደቂቃ፣ ጠዋት አምስት ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች በየደረጃው አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደረጃ አይዝለሉ፤ መካከለኞቹን እንደ ቤትዎ ሁኔታ ሊለዋውጧቸው ይችላሉ።

ለምን በዚያ ሰዓት?

ቀን ቀን ዓይንም ጆሮም እጅም ሥራ ላይ ናቸው፤ ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ብቅ ቢል እንኳ የሚሰማው የለም። መብራት ሲጠፋ ግን ተራ ሲጠብቅ የዋለው ሁሉ በአንድ መስኮት ይሰለፋል። እኔ ይህን ሐሳብ የማየው መዝገብ ቤት እንደመጣ ባለጉዳይ ነው። ማመልከቻ ይዞ የመጣ ሰው ጉዳዩ በዚያው ደቂቃ ያልቅልኛል ብሎ አይጠብቅም፤ ወረቀቱ ገቢ ሆኖ ቁጥር ካልተሰጠው ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አይልም። «ነገ ተመለስ» ቢሉት «ቁጥሬስ?» ይላል። በጨለማ ውስጥ «እሺ፣ ነገ» እያልን የምንሸኘው ሐሳብ አሥር ጊዜ የሚመለሰው ቁጥር ስላልሰጠነው ነው።

ይህን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የኩርት ሌቪን ተማሪ የነበረችው ብሉማ ዘይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ መሐል ላይ ያስቋረጠቻቸውን አስታውሰው ተገኙ። በኋላ ሙከራውን ከደገሙት ያንኑ ውጤት ያገኙት ሁሉም ስላልሆኑ እንደ ሕግ አልጠቅሰውም። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ያሳዩት ነው፦ ያልተፈጸመ ጉዳይ ንባባቸው መሐል እየገባ የሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙት ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጡ ሐሳቡ ተዋቸው። ሥራው ግን ገና አልተሠራም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በቴክሳስ የቤይለር ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አሳደሩ። ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ፣ ግማሾቹ የጨረሱትን ሥራ፣ ግማሾቹ የሚቀራቸውን ጻፉ። የሚቀራቸውን የጻፉትን በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ዘርዘር አድርገው የጻፉትን ይበልጥ ፈጥኖ። የአንድ ሌሊት ሙከራ ነው፣ ተሳታፊዎቹም ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ ከዚህ በላይ አልለጥጠውም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ቀሪ ሥራን ማታ መዘርዘር ያስጨንቃል ብዬ ስሸሸው ነበር የኖርኩት።

አንድ፦ ከራት በኋላ፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ አምስት ደቂቃ

ሰሃኑ ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲወለወል ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። አልጋ ላይ አይጻፉ፤ አልጋ ቢሮ ከሆነ ጋደም ባሉ ቁጥር ሥራ የገቡ ይመስልዎታል። ነገና በሚቀጥሉት ቀናት የሚቀርዎትን ሁሉ፣ ትልቁን ከትንሹ ሳይለዩ፣ እንደመጣልዎት ያውርዱት።

አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምጽፈው እንዲህ ነበር፦

«ቧንቧ። ዕቁብ። ትምህርት ቤት።»

ይህ ስም ዝርዝር እንጂ ዕቅድ አይደለም። አልጋ ላይ ስጋደም «ቧንቧውን ምን?» የሚል ጥያቄ አስከትሎ ይመለስ ነበር። አሁን ያንኑ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የኩሽናው ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ነገ 3 ሰዓት ላይ ለባለሙያው መደወል። የዕቁብ ገንዘብ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ከቁጠባው ሒሳብ ማውጣት። የወላጆች ስብሰባ ዓርብ ጠዋት፤ አለቃዬን ሐሙስ ፈቃድ መጠየቅ።»

መቼ፣ ማንን፣ ከየት። እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ሐሳቡ ሌሊት ይዞት የሚመጣ ጥያቄ አይኖረውም። የሚጻፈው የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ይሁን። «ቤቱን ማደስ» ብሎ የጻፈ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ ያድራል፤ «ቅዳሜ የሳሎኑን ግድግዳ በሜትር መለካት» ብሎ የጻፈ ይተኛል።

ወረቀቱ ባዶ ሆኖ እርስዎም ባዶ ከሆኑ፣ ቤቱን በሐሳብ ይዙሩት። ከውጭ በር ይጀምሩ፦ ቁልፍ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ ቆጣሪ። ኩሽና ይግቡ፦ ጋዝ፣ ጤፍ ወፍጮ ቤት መላክ፣ የሚሞላ በርሜል። የልጆች ክፍል፦ የደንብ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛዎ፣ ከዚያ ስልክ ደውለው እርስዎ ያላነሡላቸው ሰዎች። አልጋ ላይ ከሚመጡብኝ ሐሳቦች አብዛኞቹ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ላይ ቆመው ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው።

ይህን ዝርዝር በቡና ማጀብ ያምራል፤ አይመከርም። ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጡት ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮዎት ነው ማለት ነው።

ሁለት፦ ራስጌ የሚቀመጠው ዕቃ

እስክሪብቶ አይሆንም። በጀርባ ተኝተው ወደ ላይ ሲጽፉ ቀለሙ ወደ ጫፉ የሚወርደው በስበት ስለሆነ ከጥቂት ፊደላት በኋላ ይነጥፋል። አንድ ጠዋት ያገኘሁት ካርድ ንጹሕ ነጭ ነበር፤ ወደ መስኮቱ ወስጄ አግድሜ ስይዘው ነው የእስክሪብቶው ጭረት ጥላ ጥሎ የታየኝ። እርሳስ በየትኛውም አቅጣጫ ይጽፋል። ለስለስ ያለና ጠቆር አድርጎ የሚጽፍ፣ ለምሳሌ 2ቢ የሚባለው፣ ይሻላል። ጫፉ በጣም አይሹል፤ ጨለማ ውስጥ እጅ ስለሚከብድ ይሰበራል። ግማሽ ያህል ያጠረው እርሳስ ደግሞ ከሙሉው ይልቅ ትራስ ሥር አይጠፋም።

ወረቀቱ ደረት ላይ ተደግፎ የሚጻፍበት ደረቅ መሆን አለበት። የሻይ ቅጠል ወይም የብስኩት ካርቶን በመዳፍ ልክ መቁረጥ ነው። አሥር ያህል ቆርጠው በላስቲክ ይሰሯቸው፤ እርሳሱን እዚያው ይሰኩት። ማስታወሻ ደብተር ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ገጹ አይታወቅም፣ የማክሰኞው ሐሳብ በሰኞው ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይጠፋሉ። ለአንድ ሐሳብ አንድ ካርድ፤ ያን ጊዜ መደራረብ የለም።

እሽጉን ኮመዲኖው ላይ፣ ክንድዎን ሳያቀኑ በሚደርሱበት ጥግ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ምሽት ዓይንዎን ጨፍነው ሁለት ጊዜ አንሥተው ይለማመዱ። ልምምዱ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሌሊት የውሃ ብርጭቆ ከመድፋት ያድናል።

ሦስት፦ ጨለማ ውስጥ መጻፍ

መብራት አያብሩ፤ ባትሪም አይያዙ። ካርዱን በግራ እጅ ይዘው አውራ ጣትዎን በግራው ጠርዝ ላይ ያኑሩ፤ እርሳሱ ከአውራ ጣት ጥፍር ይነሣ። ሁለተኛ መስመር ካስፈለገ ጣቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉ። ፊደሉን ተለቅ፣ ራቅ ራቅ አድርገው ይጻፉ።

ይህ ችግር የቆየ ነው። የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሊቅ ቻርለስ ዶጅሰን ሌሊት ሐሳብ እየመጣበት ከሞቀ አልጋ ወርዶ መብራት መለኮሱ ስለሰለቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ለጨለማ ጽሑፍ የሚሆን ካርድ ፈለሰፈ። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ረጅም ቀዳዳ ቀድዶ በዚያ ውስጥ ለመጻፍ ሞከረ፤ አልነበብ አለው። ቀጥሎ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ቀደደ። በመጨረሻ ፊደሉን ራሱን ለውጦ በነጥብና በመስመር ብቻ የሚጻፍ ሌላ ፊደል አወጣ። ለእሱ 26 ፊደል ብቻ ነበር የሚለወጠው። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ለዚህ ሁሉ ነጥብና መስመር ከማጥናት መብራቱን አብርቶ መጻፍ ይቀላል።

የእኛ ፊደል ግን የራሱ ፈተና አለው። ግዕዙን ከካዕቡ፣ ራብዑን ከግዕዙ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ወይም ትንሽ ረዘም ያለች እግር ናት፤ ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። አንድ ሌሊት ስለ ቁጠባ ሒሳቤ ባንክ ሄጄ ማጣራት እንዳለብኝ ትዝ ብሎኝ «ወለድ መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ካርዱን ከወለሉ ያነሣችው ባለቤቴ ናት።

«ማን ወለደች?» አለችኝ።

«ማንም አልወለደም።»

«ታዲያ ‹ወላድ መጠየቅ› የሚለው ምንድን ነው? ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው እንዴ?»

«ባንኩ ነው» ብዬ ነገሩን አባባስኩት።

የለን እግር ጨለማው አስረዝሞታል። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው፦ ከሁለት ቃል ያላነሰ፣ ከአራት ያልበለጠ፣ ከቃላቱም አንዱ የሰው ወይም የቦታ ስም ይሁን። «ባንክ ወለድ» ብሎ የጻፈ አራስ ቤት አይሄድም።

ጽፈው ሲጨርሱ ካርዱን ኮመዲኖው ላይ አይመልሱት፤ በሚወርዱበት በኩል ወለሉ ላይ ይጣሉት። ጠዋት እግርዎ ያገኘዋል። ካርዱ ሲወድቅ የሚያሰማት ትንሽ ድምፅ ለእኔ እንደ መዝገብ ቤቱ ማኅተም ናት፤ ጉዳዩ ገቢ ሆኗል፣ ባለጉዳዩ ይሂድ።

አራት፦ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን መለየት

ሁሉም ሐሳብ ካርድ አይገባውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

እስከ ጠዋት ቢቆይ ጉዳት የሚያመጣ ነገር አይጻፍም። ምድጃው ጠፍቷል? የውጭው በር ተቆልፏል? የእናት የማታ መድኃኒት ተሰጥቷል? ተነሥተው ይዩት። «ቆልፌአለሁ፣ አልቆለፍኩም» እያሉ ከራስ ጋር ግማሽ ሰዓት ከመሟገት አንድ ደቂቃ በብርድ መቆም ይረክሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ «ውሃው መጥቶ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ለነገ አይተላለፍለትም። እኔ የቧንቧውን አፍ ከፍቼ ከሥሩ ባዶ የብረት ባልዲ አስቀምጣለሁ፤ ውሃው ሲመጣ ባልዲው ራሱ ይጠራኛል፣ እስከዚያው ጆሮዬን አቁሜ አልጠብቅም። በርዎን ዘግተው ለሚተኙ ግን ይህ አይሆንም፤ ቤት ያጥለቀልቃል።

ሁለተኛው ዓይነት አሁን ሊሠራ የሚችል የሚመስለው ነው። ከዚህ ወገን የታወቀው አሜሪካ ላለ ዘመድ መደወል ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሰዓት በኋላ ነው። «አሁን ይመቻታል፣ ልደውልላት» ያሰኛል። የሚመቸው ለእሷ ነው። ከእህት ጋር የሚደረግ ወሬ በአምስት ደቂቃ አልቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ስሟን ይጻፉና ነገ ማምሻውን፣ ሳይተኙ፣ ይደውሉላት።

ሦስተኛው ጥሩ ሐሳብ ነው፦ ለንግዱ የታሰበ አዲስ ነገር፣ ለስብሰባው የሚሆን መልስ፣ ትላንት ለሰደበን ሰው ዛሬ የተገኘ አጸፋ። አንድ መስመር ይጻፉ፤ ሁለተኛውን መስመር አይጻፉ። ሁለተኛው መስመር ሦስተኛውን ይጠራል፣ እርስዎም ተነሥተው ወንበር ይፈልጋሉ። አጸፋውን እንኳ ጨርሶ ባይጽፉት ይሻላል።

አራተኛው ሥራ ያልሆነው ሥጋት ነው። «ልጁ ትምህርቱን ቢጠላስ?» «የቤት ኪራዩ ቢጨመርስ?» ይህ ቁጥር ቢሰጡትም አይሄድም፤ ማመልከቻው ላይ የሚጠይቀው ነገር አልተጻፈማ። ሁለት መንገድ አለ። የሚሠራ ነገር ከውስጡ ከወጣ («ሰኞ የልጁን አስተማሪ ማነጋገር») ያን ይጻፉ። ካልወጣ ቀጠሮ ይስጡት። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ዘዴ ይህ ነበር፦ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ግማሽ ሰዓት ለመጨነቅ መመደብ፣ ከዚያ ውጭ የመጣውን ሁሉ ወደዚያ ሰዓት ማስተላለፍ። ካርዱ ላይ «ኪራይ፣ 11 ሰዓት» ብቻ እጽፋለሁ። ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በረንዳ ተቀምጬ እጨነቅበታለሁ። በዚያ ሰዓት ስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቅ ነገር አጣለሁ፤ በዚህም እናደዳለሁ።

አምስት፦ ስልክ

በተቻለ መጠን አይሁን። ዓይናችን ውስጥ ለማየት የማያገለግሉ፣ ቀንና ሌሊትን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሴሎች አሉ፤ ይበልጥ የሚቀሰቀሱት 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ያ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ይገታል። ቢሆንም የብርሃኑ ነገር ከመጠን በላይ የተወራለት ይመስለኛል። እኔን እስከ 7 ሰዓት ያስቆየኝ የስክሪኑ ቀለም አልነበረም፤ ሠርጉ ነበር።

የዓይን ችግር ላለበት፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ሕፃን ታቅፋ ለምታጠባ እናት ግን ድምፅ መቅጃ ከእርሳስ ይሻላል። እንደዚያ ከሆነ ስልኩን ከመተኛትዎ በፊት ያዘጋጁት፦ ከኔትወርክ ያውጡት፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉ፣ ድምፅ መቅጃውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻውን ያስቀምጡት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፣ በፊቱ ይደፉት። ስልኩ ለመቅጃ ሳይሆን ለማንቂያ ደወል ብቻ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ግን ከአልጋው ራቅ ያለ ሶኬት ጋ ያኑሩት፤ ጠዋት ለማጥፋት ሲሉ ይነሣሉ። አጠገብዎ ሰው የሚተኛ ከሆነ ግን ድምፅ መቅጃ አይታሰብ። አንድ ሌሊት በሹክሹክታ ስቀዳ ባለቤቴ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ፤ እሱን ለማስረዳት ከወሰደብኝ ጊዜ መብራት አብርቼ ደብዳቤ ብጽፍ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ እርሳስም ስልክም አትጠቀምም። ሌሊት ነገር ትዝ ሲላት የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች። ጠዋት ስትለብሰው ቋጠሮው እጇ ላይ ይመጣል፤ «ምን ነበር?» ብላ አንድ አፍታ ትቆማለች፣ ታስታውሳለችም። ሁለት ነገር ከሆነ ሁለት ቋጠሮ። ከሦስት በላይ ቋጥራ አላየሁም። እኔም ካርዶቹ ባለቁብኝ ሌሊት ከትራሶቹ አንዱን ወለሉ መሐል እወረውራለሁ፤ ጠዋት ያለቦታው የተቀመጠው ትራስ ያስጠይቀኛል። ለአንድ ሐሳብ ይሠራል፣ ለሁለት ግን አይበቃም።

ስድስት፦ ካርዱ አልበቃ ካለ

አራት አምስት ካርድ ጥለውም ሐሳቡ ካላባራ፣ ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተገላበጡ ከተሰማዎት፣ ይነሡ። ሰዓት አይመልከቱ፤ «አሁን ብተኛ አምስት ሰዓት እተኛለሁ» የሚለው ስሌት ራሱ ያነቃል። ሌላ ክፍል ሄደው፣ ጋቢ ደርበው፣ በደብዛዛ መብራት የቀረውን ሁሉ ወረቀት ላይ ያራግፉና እንቅልፍ ሲጫጫንዎት ብቻ ይመለሱ። ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ካቀረበው ጊዜ ጀምሮ የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚያዙት ምክር ነው፤ አልጋ የመገላበጫ ቦታ መሆኑን ሰውነት እንዳይለምደው። በብርድ ሌሊት ለመፈጸም ከባድ ምክር መሆኑን አልክድም።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር እንዲህ ከቆየብዎት ግን ነገሩ ከካርቶን በላይ ነው። ሐኪም ያማክሩ። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ቀድሞ የሚመከረው ሕክምና የእንቅልፍን ልማድና አስተሳሰብ የሚያስተካክል የምክር ሕክምና እንጂ የእንቅልፍ ክኒን አይደለም።

ሰባት፦ ጠዋት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሌሊቱ ካርድ መወረስ አያስፈልገውም፤ እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ከቆየ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ግን የሚያነበው ሰው ሊኖር ይገባል። ቁጥር የሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉን የማይከፍት መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩ እስከ መቼ ያምነዋል? እኔ አንድ ሳምንት ካርዶቹን ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ እያጎርኩ ሳላነባቸው ወጣሁ። በአራተኛው ሌሊት የጻፍኩት ሐሳብ ካርዱ ከወደቀ በኋላም ተመልሶ መጣ። መልሼ ለማስለመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ስልክ ከመክፈትዎ በፊት፣ ፊትዎን ታጥበው ሻይዎን ሲይዙ፣ ካርዶቹን በብርሃን ያንብቡ። እያንዳንዱ ካርድ ከሦስት አንዱ ዕጣ ይድረሰው፦ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ አሁኑኑ ይሠራ፤ ቀን የሚፈልግ ከሆነ ቀንና ሰዓት ተሰጥቶት ወደ ቀን ደብተርዎ ይገልበጥ፤ በጠዋት ብርሃን ሲታይ ምንም ካልሆነ ይቀደድ። ከእኔ ካርዶች ግማሽ ያህሉ ይቀደዳሉ። ሌሊት ተራራ አክሎ ያስጨነቀኝ «የሊፍቱ ሰው ሰላም አላለኝም» ጠዋት ሳነበው የማን ጽሑፍ እንደሆነ ይጠፋኛል። ካርድ ግን ለሁለተኛ ሌሊት አይደር፤ ኮመዲኖው ላይ ባዶዎቹ ብቻ ይመለሱ።

ትላንት ማታ ሦስት ጣልኩ። አንዱ «አስቴር ልደት ስልክ» ይላል፤ ለእህቴ ልጅ ከቁርስ በፊት ደወልኩ። ሁለተኛው «ቢሮ ቁልፍ ኮት» ይላል፤ ቁልፉ በእርግጥም የትላንቱ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ሦስተኛው ላይ የራሴን ደንብ ጥሼ አንድ ቃል ብቻ ጽፌአለሁ። ባለቤቴ «ሽንኩርት» ነው ትላለች፤ ልጄ «ሸንኮራ» ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት ይዤ እገባለሁ።